ድልድይ ስሻገር የማያገለግለኝ ጠመንጃ

ይህን ካልተነፈስኩ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዘንድሮ አጋዘን ለማደን በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ገዛሁ። ባሩዱን ለክተህ ታፈሳለህ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ድቡልቡል የእርሳስ ጥይት ታስከትላለህ፣ በዘንግ ገፍተህ ታወርዳለህ። አንድ ተኩስ ብቻ ነው ያለህ። ይሄ ነገሩ ነው የማረከኝ።

ካሊበሩ .40 ነው፤ የአፈሙዙ ስፋት የአንድ ኢንች 40 መቶኛ ማለት ነው። ሻጩን «ለአጋዘን ይሆናል ወይ?» አልኩት። «ይሆናል» አለኝ። አልዋሸም። ሜሪላንድ ለአጋዘን ከ.40 አይነስ፣ ባሩዱም ከ60 ግሬን (ባሩድና ጥይት የሚመዘንበት ትንሽ የክብደት መለኪያ) አይነስ ነው የምትለው። ግን የት ነው የምታድነው ብሎ አልጠየቀኝም! እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም።

ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ ጋበዘኝ። ፈቃድ ከፍዬ አወጣሁ። ረቡዕ ማታ ደንቡን ሳነብ ክው አልኩ። ቨርጂኒያ ከ.45 በታች አትፈቅድም። የፖቶማክን ድልድይ ስሻገር ጠመንጃዬ ለአጋዘን አይሆንም ማለት ነው። ልዩነቱ 1.27 ሚሊ ሜትር ነው።

አንጀቴን ያሳረረኝ ግን ቀጥሎ ያለው መስመር ነው። አፈሙዙ .45 ይሁን እንጂ ጥይቱ .38 ቢሆንም ይፈቀዳል። ሳቦት የሚሉት የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይገባና ሰፊውን አፈሙዝ ይሞላል። የእኔ ጥይት .395 ናት። ከ.38 ትበልጣለች! ታዲያ አጋዘኑን የሚያገኘው አፈሙዙ ነው ወይስ ጥይቱ?

ገደብ ለምን ተቀመጠ አላልኩም። ድቡልቡል እርሳስ ፍጥነቷ ቶሎ ይወድቃል፤ ቀላል ስትሆን ደግሞ ጉልበት የላትም። የእኔዋ 93 ግሬን ገደማ ትመዝናለች፣ የ.50ዋ 177 ገደማ። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? ቆስሎ ጫካ የገባ አጋዘን ሌሊቱን ሙሉ ሲሰቃይ ማደሩን ማንም አዳኝ አይፈልግም። እንግዲያው ክብደቱን ይጻፉልን! ኮሎራዶ ጽፋዋለች፤ ከ.40 እስከ .50 ድረስ ጥይቱ ከ170 ግሬን እንዳያንስ ትላለች። እዚያ ብሄድ የእኔዋ ትወድቃለች። ምክንያቱ ስለሚገባኝ ግን አልናደድም።

ፔንሲልቬንያማ ሌላ ጉድ ነው። ከፈረንጅ ገና በኋላ ባለው ወቅት .44ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድንጋይ ፍንጣሪ የሚለኮስ መሆን አለበት። ሦስት ጎረቤት ግዛቶች፣ ሦስት ቁጥር። አጋዘኑ አንድ ዓይነት፣ ያው ባለ ነጭ ጅራቱ።

ትናንት ጠመንጃውን ልመልስ ሱቁ ሄድኩ። ባሩድ የነካ ዕቃ አንቀበልም አሉኝ። የቨርጂኒያው ፈቃድ ገንዘብም አይመለስም። ጓደኛዬ «የእኔን በየተራ እንጠቀማለን» ብሎኛል፤ በእሱ ጠመንጃ ግን አንድም ቀን ተኩሼ አላውቅም። ያላነጣጠርኩበትን ይዤ ሕይወት ባለው ነገር ላይ አልተኩስም። ቅዳሜ እነ ጓደኛዬ ይወጣሉ፣ እኔ ቤት ነኝ።