ለሚመለከተው ሁሉ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰላምታ ተሰጠኝ። የሰላምታ ጠላት አይደለሁም። ሰላም ያሉኝ ሰው ግን ፊታቸውን ወደ ግንቡ፣ ጀርባቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ሥራ ላይ ነበሩ። አንገታቸውን ብቻ መለስ አድርገው «እንዴት አደርክ? ልጆች ደኅና?» አሉኝ። ከራሳቸው በላይ በቀይ ቀለም «እዚህ ቦታ መሽናት ያስቀጣል» ተብሎ ተጽፏል። ስንት ብር እንደሚያስቀጣም ተጽፎ ነበር። ቁጥሩ ግን ዝቅ ብሎ ስለተጻፈ ታጥቦ ጠፍቷል።

እኔስ ምን አልኩ? ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ጨረሱና ዚፓቸውን ዘግተው መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ንጹሕ እንዳልሆነ ስለሚያውቁ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኩት።

ግንቡ ሥር በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች። ጅረቱ በኮብልስቶኑ መሀል እየተጠማዘዘ ወደ እሷ ሲመጣ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። በአንድ እጇ የከሰል ምድጃዋን ብድግ፣ በሌላው በርጩማዋን ሳብ አድርጋ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። ዝናብ ሲመጣ ልብስ ከገመድ እንደምታነሣ ሴት ነው ያደረገችው፤ ያለ ቁጣ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። በሙግትም በሠርግም በእድርም ተጠቅሜበታለሁ፤ የማይገባበት ቦታ የለም። ሐሙስ ዕለት ግን አንድ ጉድለት አገኘሁበት። መነቅነቅ ንቀት ከሆነ ማጠጣትስ? አባቶቻችን ይቺን ዘለሏት። አልፈርድባቸውም፤ የዚያን ጊዜ አጥር ቁልቋል ነው፣ ቅንጭብ ነው፣ ቢያጠጡት ይለመልማል። ግንብ አይለመልምም፤ ይላላጣል። ደግሞስ የዚህ ግንብ ባለቤት ማን ሆኖ ነው የሚናቀው?

አጥር ከተነሣ እኔም አንድ ቂም አለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንዲት የሰፈራችን እትዬ «ልጅሽ አጥሬ ላይ ሸናብኝ» ብላ ለእናቴ ከሰሰችኝ። አልሸናሁም! የሸናው የገዛ ልጇና ጓደኛው ናቸው። እኔ መሀል ላይ ቆሜ የማን ይርቃል የሚለውን እየዳኘሁ ነበር። እናቴ ምስክር አልጠራችም፣ ይግባኝም አልነበረም። ያ ቁንጥጫ ሰማያዊ ሆኖ ጭኔ ላይ አንድ ሳምንት ከረመ። እትዬን ይቅር አላልኳትም፤ ግን አንድ ነገር ልመስክርላት። ጥቆማ በሰጠች በአምስት ደቂቃ ውስጥ እርምጃ ተወስዷል። ዛሬ እንዲህ የሚሠራ ቢሮ አሳዩኝ።

ምክንያቱም እኔም ልጠቁም ብዬ ደውያለሁ። አንደኛው ቢሮ «ይሄ የኛ አይደለም» አለኝ። ሁለተኛው ጠጋ ብሎ ሰማኝና «አሁንም እየሸና ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አይ፣ ጨርሰዋል።»

«ሲጀምር ነበራ መደወል!»

ሦስተኛው በትሕትና «ለሚመለከተው አካል እናስተላልፋለን» ብሎ ዘጋው። ይህን አካል ዕድሜ ልኬን እሰማዋለሁ። ድልድይ ሲሰበር፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጅብ ከተማ ሲገባ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጠው» ይባላል። እጅና እግሩን፣ በተለይ ደግሞ ዓይኑን ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። የማይመለከተን እኛ ሁሉን እናያለን፤ የሚመለከተው አይመለከትም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት የሆነ ሰው ጎረቤቱን ከጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ እንዳያውክ ይከለክላል። ሽታ ተብሎ በስሙ ተጠርቷል፤ አንብቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ችግሩ ሕጉ የሚናገረው ለባለሀብት ነው። እኚህ ሰው ደግሞ እዚያ ግንብ ሥር የፊኛቸው እንጂ የሌላ ነገር ባለቤት አይደሉም።

ድሮ ቢሆን አውጫጭኝ ነበር፤ አፈርሳታም ይሉታል። ከብት ሲሰረቅ ወይ ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ የቀረ ይቀጣል። ስለዚህ ሥርዓት ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ያ ሁሉ ሰው ታጉሮ ሲውል ሲያድር የት ይሸና ነበር? መቼም አጥሩ ላይ መሆን አለበት።

ከዚያ በ1967 ቀበሌ መጣ፣ ጥቆማም ሌላ ትርጉም አገኘ። ተጠቁሞ የተወሰደ ሰው ሳይመለስ የቀረበት ዘመን ነው። ስለዚህ «እገሌ ቆሻሻ ደፋ» ብሎ ስልክ የሚያነሣ ሰው ዛሬም «ጆሮ ጠቢ» ቢባል አልገረምም፤ ስንቱ ቤት በዚያ ቃል ፈርሷል። ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ሆነው! የዝምታችንን ሒሳብ ሁሌ ለደርግ እያስመዘገብን እስከ መቼ? ደግሞ ከፋዮቹ እኛ አይደለንም። ያቺ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ጠዋት በ1 ሰዓት መጥታ ማታ በ1 ሰዓት ትሄዳለች። የኮሪደር ልማቱ የደረሰበት ዋና መንገድ ላይ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አለ፤ የኛ ሰፈር ግን ውስጥ ለውስጥ ነው፣ እሷም ከሰሏን ጥላ የትም አትሄድም። በዚያ ሐሩር ላይ የውሃ ኮዳ አጠገቧ አይቼ ስለማላውቅ «ውሃ አትጠጪም እንዴ?» አልኳት።

«ጠጥቼ የት ልሄድ?» አለችኝ፤ በቆሎውን እያገላበጠች።

ወንዱ ሁሉ ግንብ አለው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ጥቆማ። ለነዚያ ሁሉ ቢሮዎች ስደውል የሰውየውን ማንነት አልተናገርኩም፤ ለእናንተም ደብቄያችሁ ነበር። የእድራችን ዳኛ ናቸው። አምና በወባ ተኝቼ አንድ ቀብር ስለቀረሁ «ደንብ ደንብ ነው» ብለው 50 ብር የቀጡኝ። ጥሩንባ የሚያስነፉት፣ ድንኳን የሚያስተክሉት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ይጠቆማል? ማን ሊቀብረኝ!

ቢሆንም እሑድ በእድሩ ስብሰባ «ልዩ ልዩ» የሚለው አጀንዳ ላይ ሲደረስ እጄን አወጣሁ። ልቤ እየመታ «አንዳንድ ሰዎች ግንቡ ላይ…» አልኩ። አንዳንድ ሰዎች! ጀግንነቴ እዚያ ድረስ ነው።

እሳቸው ከኔ በላይ ተቆጡ። «ነውር ነው! ሰፈር እናሰድብ?» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ተጨበጨበ። ጽሑፉ በትልቁ እንዲታደስ፣ ለቀለምና ለጸሐፊ በአባወራ 100 ብር እንዲዋጣ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ሐሳቡን አመንጪ እኔ ነኝና መጀመሪያ ከፈልኩ። ደረሰኙን ፈርመው ሲሰጡኝ በዚህኛው ጊዜ ክንዳቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው የዘረጉልኝ።

ቀለሙ ቀይ ይሁን ወይስ አረንጓዴ የሚለው ስላላስማማ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተላልፏል።