ዝምታን ጨዋነት አትበሉት

ወገኖቼ፣ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ማለት ይብቃችሁ። አባባሉ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ በቀይ ሽብር የልጆቻቸውን አስከሬን እንኳ ሳያገኙ የቀሩ እናቶች ያሉበት አገር ነው። የሚያሳዝነኝ ግን ከፍርሃት የተወለደውን ምክር የጨዋነት መለኪያ ማድረጋችን ነው።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ሰው በተፈጥሮው ፖለቲካዊ ፍጡር ነው ሲል፣ ብቻውን መኖር አይችልም ማለቱ ብቻ አልነበረም፤ ንብም በኅብረት ይኖራል። ድምፅ ለእንስሳም ተሰጥቷል፣ ሕመሙንና ደስታውን ይገልጽበታል። ንግግር ግን ለሰው ብቻ የተሰጠው ጠቃሚውን ከጎጂው፣ ፍትሑን ከግፉ እንዲለይበት ነው ይላል። እስቲ ራሳችንን እንመርምር። ውሃ ሲጠፋ እንጮኻለን፣ ኑሮ ሲወደድ እናማርራለን። የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ግን ከኋላ ወንበር አቀርቅረን ስልክ እንነካካለን፤ እጅ አውጡ ሲባል እናወጣለን፤ ከበሩ እንደወጣን ደግሞ «መቼም እነሱ የጨረሱት ጉዳይ ነው» እንላለን። ሕመሙን መግለጽማ ከብቱም ይችላል!

የጥንቷ ግሪክ ከተማ የአቴና ሰዎች እንዲህ ያለውን መለገም አልታገሡም። በፕኒክስ ኮረብታ ጉባኤ ሲጠራ በገበያው ቆሞ ወሬ የያዘውን ሰው በቀይ ቀለም በተነከረ ገመድ ከበው ይነዱት ነበር፤ ገመዱ የነካው ልብስ ይቀላል። ኋላም ለሚገኝ ሰው አበል ቆረጡለት። ሴቶችን፣ ባሮችንና መጤዎችን ከጉባኤው ማግለላቸው ነውራቸው ነው፤ ራሱ መጤ የነበረው አርስቶትልም ለባርነት ጥብቅና ቆሟል። እኛ ግን ማንም ሳያግደን ራሳችንን አገለልን።

ደግሞስ መቼ አቃተን? በእድራችን ዳኛ እንመርጣለን፣ ደንብ እናጸድቃለን፣ የቀረውን እንቀጣለን፣ ገንዘብ ያዡን ሂሳብ እንጠይቃለን። ሙታንን ለመቅበር እንዲህ የተጋን ሰዎች፣ ሕያዋን ልጆቻችን ለሚማሩበት ትምህርት ቤት የወላጅና መምህር ኅብረት ሲመረጥ የት ነን?

በሚቀጥለው ስብሰባ ሰዓት አክብራችሁ ተገኙ። ሂሳቡ በዝርዝር ይነበብልን በሉ። ያልተስማማችሁበት ውሳኔ ካለ ተቃውሞአችሁ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ጠይቁ፤ ከእናንተ የተለየ ሐሳብ ይዞ የተነሣውንም ጎረቤታችሁን አስጨርሱት።