ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ በራሷ ስም ሂሳብ ይኑራት

ከጎንደርና ከዙሪያዋ፣ ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከአርማጭሆ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ የሚሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለ ደላላው፣ ስለ ቪዛው፣ ስለ ማዳሟ ጠባይ እንጨነቃለን። ደሞዟ በማን እጅ እንደሚገባ ግን ሳትነሳ የሚጠይቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ለእኔ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ሪያድ የደረሰች ልጅ በሳምንቱ ሂሳብ ልክፈት ብትል አይሆንላትም። መጀመሪያ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋታል። እሱን የሚያወጣላት ደግሞ አሠሪዋ ነው። እስከዚያ ማዳሟ "እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፣ ስትሄጂ ትወስጂዋለሽ" ትላታለች። ከልቧ የምትል አለች። ልጅቷ ቋንቋውን ገና አልለመደችም፣ ሰው አታውቅም፣ እሺ ትላለች። ኢቃማው ከወጣ በኋላም ነገሩ በዚያው ይቀጥላል። ብዙዎቹ የሚዋዋሉት በወር 1000 ሪያል ነው። በሁለት ዓመት 24 ሺህ ሪያል ይሆናል። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያለ አንዲት ወረቀት ሰው ቤት ማስቀመጥ ያስፈራል። በ2006 ሳዑዲ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ፣ ደሞዛቸውን ሳይቀበሉ የተሳፈሩ ነበሩ።

አሁን ሕጉ ተሻሽሏል። ከሰኔ 24 ቀን 2016 ጀምሮ በአዲስ ውል የሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ደሞዝ በባንክ ወይም በዲጂታል ዋሌት፣ ማለትም በስልክ በሚንቀሳቀስ የገንዘብ ቋት እንዲከፈል ሳዑዲ ደንግጋለች፤ ሌሎቹም ደረጃ በደረጃ እንዲገቡ ተደርጓል። ትልቅ ነገር ነው። ያልተከፈለ ወር ካለ ማስረጃ ይኖራታል። ግን የባንክ ካርዱ በማን ቦርሳ ውስጥ ነው? ሲሙስ በማን ስም ወጣ? ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ስልክ ላይ የማረጋገጫ ኮድ ይመጣል። ሲሙ በአሠሪዋ እጅ ከሆነ ኮዱም ለአሠሪዋ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ኢቃማው እንደወጣ በአሻራዋ የራሷን ሲም ታውጣ፣ ካርዱን ራሷ ትያዝ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አትንገር። ይህን ሳታውቅ አውሮፕላን ላይ መውጣት የለባትም።

እኛ ቤት ያለው ችግር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ልጅቷ የምትልከው በወንድሟ ወይም በአባቷ ሂሳብ ነው። ለመድኃኒት፣ ለታናናሾቿ ትምህርት፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ ደስ እያላት ትልካለች። የቀረው "ይቀመጥላታል" ይባላል። አዘዞ አካባቢ የማውቃት ልጅ በላከችው ገንዘብ ቤት ተሠራ፣ ካርታው በወንድሟ ስም ወጣ። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። እያለ እያለ አገባ፣ ወለደ፣ ቤቱም የእሱ ትዳር ቤት ሆነ። እሷ ስትመለስ እዚያው ግቢ ከጓሮ አንዲት ክፍል ሰጧት። ማንን ትክሰስ? ወንድሟን?

እዚህ ሂሳብ መክፈት ከባድ አይደለም። የፋይዳ መታወቂያ ካላት፣ ጎንደር ፒያሳም ሆነ አዘዞ ካሉት ቅርንጫፎች ወደ አንዱ ጎራ ብላ ትጨርሳለች። ከተመለሰች በኋላ ሳይሆን ከመሄዷ በፊት ይሁን። በሕጋዊ መንገድ ለውጭ አገር ሥራ የሚሄዱ ቅድመ ጉዞ ሥልጠና ይወስዳሉ። ልብስ መተኮስና ምግብ ማብሰል ከሚማሩበት ሰዓት ግማሽ ቀን ለዚህ ቢሰጥ ምን ይጎዳል? የጎንደር ባንኮችም አንድ ሠራተኛ ወደ ማሠልጠኛው ልከው እዚያው ቢመዘግቧቸው፣ የባንኩን መተግበሪያ በየስልካቸው ጭነው ገንዘብ መላክና ቀሪ ማየት ቢያለማምዷቸው ደንበኛም ያገኛሉ።

"ቤተሰቧን አታምንም ማለት ነው?" የሚል አይጠፋም። አይደለም። ለቤት የምትልከው ይላክ፣ ልኩ ግን ቀድሞ ይታወቅ። ልጅቷ አፍራ ይህን ጉዳይ አታነሳም። ስለዚህ አባት ወይም ወንድም የሆናችሁ ቀድማችሁ ንገሯት፦ ለእኛ በወር ይህን ያህል ይበቃናል፣ የቀረው በስምሽ ይግባ፣ ቤትም ከተሠራ ካርታው በአንቺ ስም ይውጣ በሏት።