የልብ ሞራ በኪሎ አይመዘንም

ሰሞኑን በአንድ ኤፍኤም ጣቢያ የጠዋት ዝግጅት የቀረቡ እንግዳ «ኪሎው ያልጨመረ ሰው ስለ ልቡ ስብ ምን አስጨነቀው? ስቡስ ቢሆን ተፈጥሮ ለልብ ያነጠፈችው ትራስ አይደል?» ሲሉ ሰማሁ። አዘጋጁ ሳቀ፤ ዘፈን ተለቀቀ። እኔ ግን ቁርሴ አልወረደልኝም።

ከትራሱ ልጀምር። ትራሱን ከጉንጩ ጋር ሰፍቶ የሚተኛ ማን ነው? ሥጋ ቤት ጎራ በሉና የበሬ ልብ አስወጥታችሁ እዩ። ያ ቢጫ ስብ የደም ሥሮቹን ተከትሎ፣ ጡንቻው ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ በቢላ ካልሆነ አይለቅም። የእኛም እንደዚያው ነው። በስቡና በልብ ጡንቻ መካከል የሚለይ ሽፋን የለም፤ ሁለቱ የሚጠጡት ከአንድ የደም ምንጭ ነው። በልኩ ሲሆን ልብን ይመግባል፤ ይህን አልክድም። ሲበዛ ግን ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን እዚያው ጎረቤቱ ላይ ያንጠባጥባል። የልብ ደም ሥር መጥበብ፣ የልብ ምት መዛባት፣ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ጆሮ መንፈጉ፣ ሁሉም ከዚህ ስብ ጋር ተያይዘው ይነሳሉ። ምን ዓይነት ትራስ ነው ይሄ?

የኪሎው ነገር ደግሞ ይብሳል። መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው «ተመዘኑ!» የሚሉን ልጆች እንኳ ጤና እንሸጣለን አላሉም። ዳሌ ላይ የተቀመጠውም፣ ጉበት ላይ ያረፈውም፣ ልብ ላይ የተለጠፈውም ለሚዛን ያው ኪሎ ነው። የልቡ ስብ አብሮት የሚያድገው ደግሞ ከሆድ ዕቃ ሞራ ጋር ነው። እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ፣ እምብርቱ ላይ ያለችው የሸሚዝ ቁልፍ ግን ልትበጠስ የደረሰችበት ሰው በየቢሮው ስንት አለ? ሚዛን ላይ ሲወጣ «ጤነኛ» ተብሎ ይወርዳል። በአውሮፓውያን 2021 የወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎችን ከአሥር ዓመት በላይ የተከታተለ ጥናት አለ። በልባቸው ዙሪያ ብዙ ስብ የተገኘባቸው ሴቶች ለልብ ድካም የመጋለጥ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሏል፤ የወንዶቹም በግማሽ ያህል። የሰውነት ክብደት ተሰልቶም ውጤቱ አልፈረሰም። ሩቅ ነው ካላችሁ በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡ ወገኖቻችንን ተመልከቱ። ቀጫጭን ሆነው ሄዱ፤ ብዙዎቹን ስኳር የያዛቸው ያን ያህል ሳይወፍሩ ነው። የዚያ አገር ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈውታል።

ከሚዛን ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይታመናል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ለእኛ ዓይነቱ ሕዝብ የአደጋ መነሻ ብሎ ያስቀመጠው የወገብ ልክ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። በየጤና ጣቢያው በር ላይ አንድ ሜትር ማንጠልጠል ምን ያስቸግራል? በጀት የለም እንዳትሉኝ ብቻ!

እንግዳው በሚቀጥለው ሳምንትም ይመለሳሉ ተብሏል። አዘጋጁ ከቡናው ጋር አንድ ሜትር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥላቸው።