ለጀማሪ እጅ ሚያታ ትሻላለች

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ሁለት ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ "ጋሼ፣ የትኛዋን ልግዛ?" ይላል። አንደኛዋ የ1986 ፖርሽ 944 ናት። ቀይ ናት፤ 5 ሺህ ዶላር ይሏታል። ሁለተኛዋ የ1994 ማዝዳ ሚያታ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ መኪና ናት። ነጭ ናት፤ 5,500 ዶላር። ልጁ 23 ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ይኖራል። ሥራ የሚመላለስባት ኮሮላ አለችው። አሁን የሚፈልገው በገዛ እጁ እየፈታ፣ እየገጠመ የሚማርባት ሁለተኛ መኪና ነው። ለዚህም 7 ሺህ ዶላር አጠራቅሟል።

እህቴ ነገሩን አልወደደችውም። "የሚነዳው መኪና አለው። ሌላ አሮጌ ብረት ምን ይሠራለታል? ለቤት መግዣ አያጠራቅምም?" አለችኝ። ሐሳቧ ይገባኛል። እኛ እዚህ አገር ስንመጣ መኪና የእንጀራ ነገር ነበረች። ታክሲ ነድተን፣ ፓርኪንግ ሠርተን ነው ልጆች ያሳደግነው። መኪና ለደስታ መግዛት የማይታሰብ ነበር።

እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከልጁ ጋር ነኝ። ብሎን መፍታት የተማርኩት በአባቴ ቮልስ ላይ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን አጥፎ ያስቀምጥና የኋላ ኮፈኗን ይከፍታል። ካንዴላ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ቺንጊያ ሲላላ በአውራ ጣት እንዴት እንደሚታወቅ እዚያ አየሁ። ዕቃ ሲያስፈልግ ሶማሌ ተራ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አባቴ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከእሱ ጋር በደንብ ያወራሁት እዚያች መኪና ሥር ተኝተን ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት በገዛ ገንዘቡ መኪና ፈትቼ ልማር ሲል ገንዘብ አባከነ አልልም።

ጥያቄው የትኛዋን የሚለው ነው። የእኔ መልስ ሚያታዋን ነው። ምክንያቴን ግን ከ944 ልጀምር፤ ምክንያቱም በጣም የምወዳት መኪና ናት።

944 ከ1982 እስከ 1991 ተሠርታለች። ከ160 ሺህ በላይ ተመርታለች። የተገጣጠመችው ጀርመን ኔካርዙልም ከተማ በሚገኘው የአውዲ ፋብሪካ ነው። ሞተሯ ከፊት ነው፤ ካምቢዮዋ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኗ፣ ግን ከኋላ ጎማዎቿ ጋር ነው የተቀመጠው። በዚህ የተነሳ ክብደቷ ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል መጠን ተከፍሏል። ጥምዝ መንገድ ላይ ተረጋግታ ነው የምትዞረው። ሰፊ ፓራፋንጎዎቿን አይቶ ዞር ብሎ የማያያት ሰው የለም። የኋላ መስታወቷ ወደ ላይ ሲነሳ የሳምንት አስቤዛ የሚይዝ ቦታ አላት። ደግሞም አካሏ ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት በእኛ አካባቢ ለአርባ ዓመት መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ኮፈኑ ሲከፈት ይጀምራል። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ 2.5 ሊትር ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ባለ አራት ሲሊንደር በባሕርዩ ይንቀጠቀጣል። ፖርሽ ያንን ያስቆመው ሞተሩ ውስጥ ሁለት የማመጣጠኛ ዘንጎች ጨምሮ ነው። ሐሳቡ የሚትሱቢሺ ነበር፤ ፖርሽም ለፈቃዱ ከፍሏል። ብልህ ሥራ ነው፤ ሞተሩ በጣም ለስላሳ ሆኗል። ነገር ግን ዘንጎቹን የሚያሽከረክር ሌላ ቺንጊያ አለ። ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አናቦ ከሚያስኬደው ዋና ቺንጊያ፣ ከታይሚንግ ቤልቱ፣ ጋር ሁለት መሆናቸው ነው።

ታይሚንግ ቤልቱ ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ። ቫልቮቹ ይጣመማሉ፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ መውረድ አለበት። በ5 ሺህ ዶላር የተገዛች መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከዋጋዋ በላይ የሚያስወጣ ሥራ ይዛ ትቆማለች። ለዚህ ነው 944 የሚያውቁ ሰዎች ቺንጊያዎቹን በየ30 ሺህ ማይሉ የሚቀይሩት። መኪናዋ ባትነዳም የቺንጊያው ጎማ ስለሚያረጅ ዓመት ቆጥረው የሚቀይሩም አሉ። ውጥረቱን ለመለካት ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ አለ። ከላላ ጥርስ ይዘላል። ከጠበቀ ቺንጊያውና ኩሽኔታዎቹ ያልቃሉ። የውሃ ፓምፑም በዚያው ቺንጊያ ስለሚዞር አብሮ ይቀየራል። ጋራዥ ከወሰዷት ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ሻጩ "በቅርቡ ተቀይሯል" ቢል ወረቀት መጠየቅ ያስፈልጋል። ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብሎ መቁጠር ነው። የተነዳችውን ማይል አይቶ መገመትም አያስተማምንም፤ የዚህ ሞዴል ማይል ቆጣሪ ውስጡ ያለችው ትንሽ ጥርስ ስለምትሰበር መቆሙ የታወቀ ነው።

ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮኗ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሞተሩ ከፊት፣ ካምቢዮው ከኋላ ስለሆነ መሃላቸው ረጅም ቱቦ አለ፤ ውስጡ ዘንግ ይዞራል። ፍሪሲዮን ለመቀየር የጭስ ማውጫው ይወርዳል። ካምቢዮው ወደ ኋላ ይወጣል። ከዚያ ያ ቱቦ ይሳባል። ፍሪሲዮኑ ጋ የሚደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ፍሪሲዮን መሃሉ ላይ ጎማ ስላለው ዕድሜ ሲበዛ ይቆረጣል። መኪናዋ ያኔ ካለችበት አትነቃነቅም። መኪና ማንሻ ያለው ልምድ ያለው መካኒክ እንኳ ይህን በአንድ ቀን አይጨርሰውም።

አሁን ያንን ሥራ አፓርታማ ፓርኪንግ ላይ አስቡት። ስለ አሮጌ መኪና ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንረሳው ይህን ነው፤ የት ነው የሚሠራው? ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው አፓርታማዎች ውል ላይ ግቢ ውስጥ መኪና መጠገን ክልክል ነው ይላል። ዘይት መቀየርን ዝም ብለው ያልፉ ይሆናል። ጎማዋ ወልቆ በክሪክ ቆማ ሦስት ሳምንት የምትከርም መኪናን ግን አያልፏትም።

ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አሮጌ የአውሮፓ መኪና ገዝቼ ነበር። ፈታኋት፤ ዕቃ እስኪመጣ ብዬ በላስቲክ ሸፈንኳት። ሥራ በዛ። ልጅ ተወለደ። ዕቃው ሲመጣ ብሎኖቹ የት የት እንደነበሩ ረስቻለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቦታው ባዶ ነበር። አስጎትተዋት ነበር። ያዘንኩት ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። መኪናዋ የቆመችበትን ቦታ ባየሁ ቁጥር ያልጨረስኩት ሥራ ይታየኝ ነበር። ለዓመታት ቁልፍ አላነሳሁም። የእህቴ ልጅ በ23 ዓመቱ ያ እንዲደርስበት አልፈልግም።

ሚያታን የምመርጠው ለዚህ ነው። እየነዷት መጠገን ይቻላል። ቅዳሜ ተከፍታ እሁድ ማታ ትነሳለች።

የሚያታ ሐሳብ የተጀመረው በወሬ ነው ማለት ይቻላል። በ1979 ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ለማዝዳው ኬኒቺ ያማሞቶ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ጣሪያቸው የሚከፈት ቀላልና ርካሽ የእንግሊዝ መኪኖች እየጠፉ ነውና እናንተ ሥሩ የሚል ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1989፣ ሚያታ ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ታየች። መሐንዲሶቿ ይመሩበት የነበረው ሐሳብ በጃፓንኛ "ጂንባ ኢታይ" ይባላል፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል መሆናቸው ነው። ጉግስ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረሳቸው ስም የጠራ ሕዝብ ነን።

መጀመሪያ የወጣችው ባለ 1.6 ሊትር ሚያታ 960 ኪሎ ግራም ገደማ ነበረች። የ1994ቷ ባለ 1.8 ሊትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ 128 የፈረስ ጉልበት አላት። ይህ ዛሬ ትንሽ ነው። ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ተራ የቤተሰብ መኪና ያልፋታል። የልጁ ጓደኞች "ፖርሽ እያለልህ ይቺን?" ብለውታል። እኔ ደግሞ ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ወዳለው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ ይዘሃት ውጣ አልኩት። እዚያ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። በጥቅምት፣ ቅጠሉ ቀለም ሲቀይር፣ ጣሪያዋን ከፍቶ በሦስተኛ ማርሽ የሚጠማዘዝ ሰው ፍጥነት አነሰኝ አይልም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ይህችም ታይሚንግ ቤልት አላት፤ በ60 ሺህ ማይል ይቀየራል። ነገር ግን የ1994 ሞተር ላይ ቺንጊያው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይነካኩም። መኪናዋ ትቆማለች፣ አዲስ ይገጠማል፣ ትሄዳለች። ጀማሪ ሊሳሳት ነው የተቀመጠው፤ ስህተቱን የምትችል መኪና ያስፈልገዋል። ፍሪሲዮኑን የምትገፋው ትንሽ ፓምፕ ዘይት ማፍሰሷ የተለመደ ነው። የምትያዘው በሁለት ብሎንና በአንድ ቧንቧ ነው፤ ዋጋዋም የአንድ እራት ግብዣ አይሞላም። ፍሪሲዮኑ ራሱ ሲያልቅ ካምቢዮ ማውረድ አይቀርም። ግን ካምቢዮው እዚያው ሞተሩ ላይ ስለተገጠመ ሁለት ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ዕቃ ደግሞ ሞልቷል። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ሚያታ ከፋብሪካ ወጥታለች።

እንከን የላትም ማለቴ አይደለም። ሚያታን የሚገድላት ዝገት ነው። ጣሪያዋ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫው ኋላ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ወደ መሬት ይፈሳል። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ብረት ከውስጥ ይበሰብሳል። ቀለሙ አምሮ ውስጡ ወንፊት የሆነ አለ። እዚያ ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጎ መጫን ነው። ከተነፋ ወይም ከሰመጠ ጥሎ መሄድ። ሞተር ይሠራል፤ የበሰበሰ አካል ግን የብየዳ ባለሙያ ይፈልጋል። የ1990 ወይም የ1991 መጀመሪያ የምትገዙ ደግሞ ሞተሩ ፊት ለፊት ቺንጊያው የሚዞርባት ክብ ብረት ላይ ያሉትን ሰርጦች ቁጠሩ። አራት ከሆነ የሞተሩ ዋና ዘንግ አፍንጫ አጭር ነው፤ እየላላ ሞተሩን ያበላሻል። ስምንት ከሆነ አያስጨንቅም።

የ500 ዶላሩ ልዩነት ልጁን ወደ 944 ስቦት ነበር። አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው። ካለው 7 ሺህ፣ 944ን ገዝቶ 2 ሺህ ይቀረዋል። ቺንጊያዎቹና የውሃ ፓምፑ አብዛኛውን ይወስዱታል። ጎማና ፍሬን ሳይነካ ገንዘቡ አለቀ ማለት ነው። ሚያታን ገዝቶ 1,500 ይቀረዋል። ቺንጊያውን ራሱ ይቀይራል፤ ለጎማና ለጣሪያ ሸራም ይተርፈዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆን ፈራሁለት።

የግል ጋራዥ ላለው፣ የቺንጊያ ወረቀት ለቀረበለትና ከመግዣው ሌላ 3 ሺህ ዶላር ለመደበ ሰው 944 ግዛ እለዋለሁ። የእህቴ ልጅም አንድ ቀን ያ ሰው ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ሚያታዋን ቅዳሜ ጠዋት ልናያት ቀጠሮ ይዘናል። ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስም ሲዛወር የደኅንነት ምርመራ ስለሚያስፈልግ ስለዚያም ከሻጩ ጋር እንነጋገራለን። እኔ የእጅ ባትሪና ሁለት ሊትር ውሃ እይዛለሁ። ባትሪው ለሥሯ ነው፤ ውሃውን ቀዳዳዎቹ ላይ አፍስሰን መሬት መድረሱን እናያለን። እህቴ "እኔም እመጣለሁ" ብላ ትናንት ማታ ደውላልኛለች።