ግብር ያልተከፈለበት ልምድ

እኔ የምለው፣ አካውንቲንግ ተምሮ ጅማ ላይ ስራ የሚፈልግ ሰው ልምዱን ከየት ያምጣ? መርካቶ ወርዶ በኪሎ አይገዛ ነገር!

"ጀማሪ የሒሳብ ሰራተኛ" ብለው ይለጥፉና ከስሩ "የስራ ልምድ 2 ዓመት" ይላሉ። ሲጽፉት እጃቸው አይንቀጠቀጥም? "0 ዓመት" የሚል ሲገኝም ደስታው እስከሚቀጥለው መስመር ነው። የዘንድሮ ተመራቂ ብቻ፣ ነጥብ ከ3.00 በላይ፣ ምዝገባ አዲስ አበባ በአካል። ከዚህ እኮ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ፎርም ሞልቶ ኮፒ ለማስረከብ! ከ2015 ወዲህ ደግሞ በመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም። እሺ፣ አመጣን። ምን ተረፈን? ኮፒ የሚደረግ አንድ ተጨማሪ ወረቀት።

እኔን ያንጨረጨረኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው የቡና ሰሞን አንድ ነጋዴ ጋ ሒሳብ ያዝኩ። ገበሬው ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) በጆንያ ያመጣል፣ ይመዘናል፣ የጆንያው ክብደት ይቀነሳል፣ እኔ ቫውቸር ቆርጬ እከፍላለሁ። ማታ በእጅ ያለው ብር ከቫውቸሩ ጋር ካልገጠመ ቤት መግባት የለም፤ የጎደለው ከኔ ነው። ከባንክ ስቴትመንት ጋር የማስታርቀውም እኔው ነኝ። ይሄ ፋይናንስ ካልሆነ ምንድነው?

ሰሞኑ አልቆ "ጋሼ፣ የስራ ልምድ ይጻፉልኝ" ስላቸው "ልጄ፣ አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ፣ የምን ደብዳቤ ነው?" አሉኝ። ነገሩ ይገባኛል። ደብዳቤ ጻፉ ማለት ሰራተኛ ነበረኝ ብለው ፈረሙ ማለት ነው፣ ሰራተኛ ካለ ደግሞ የስራ ግብር አለ፣ ጡረታ አለ። ቢጽፉልኝስ? ማስታወቂያው ግርጌ ላይ "ከግል ድርጅት የሚቀርብ የስራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ የተረጋገጠ" የምትል መስመር አለች። ከደሞዜ ቀንሶ ገቢ ማድረግ የአሰሪው ግዴታ ነው። ቅጣቱ ግን የኔ! (ታክስ ኮርስ ላይ ኤ ነው ያመጣሁት፣ ለምን እንደጠቀመኝ እንጃ።)

ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌሩ) ይቻላል ወይ የሚለውንማ ተዉት፣ በራሴ ብር ተምሬዋለሁ። ዋስ የሚባለውም አለ። ገንዘብ ስለምትነኪ ቋሚ ደሞዝተኛ አምጪ ይሉሻል፤ ዘመዶችሽ ሁሉ ገበሬ ከሆኑ ያው ቁጭ ነው።

አሰሪዎች፣ አዋጅ 1156/2011 እኮ እስከ 60 የስራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሰጥቷችኋል። ካልቻልኩ ያለ ካሳ ታሰናብቱኛላችሁ። ከዚህ በላይ ምን ዋስትና ትፈልጋላችሁ?

እስቲ ጅማ ወይ አጋሮ ላይ ልምድ የማይጠይቅ ያየ ሰው ኢንቦክስ ያድርግልኝ። በኮሚሽን የሚከፈል ሽያጭ ግን እንዳትልኩብኝ፣ በሱ ሰልችቶኛል።