የቶምፕሰን ህንድ የት ገባች?

ስለ ኢ. ፒ. ቶምፕሰን ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን ህንድን በአንድ መስመር ማለፉ አልተዋጠልኝም። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ደቡብ እስያን ያወቃት ከቤት ነው። አባቱ ቤንጋል ውስጥ ሚሲዮናዊና መምህር ነበር፤ የቤንጋሉ ገጣሚ የታጎርም ወዳጅ። የህንድ የነጻነት መሪ ኔህሩም ቤታቸው መጥቶ ያውቃል። ቶምፕሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1976 መጨረሻ ሄዶ በህንድ የታሪክ ምሁራን ጉባኤ ላይ ንግግር አድርጓል። ጊዜው ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። ጋዜጦች በሳንሱር ታፍነዋል፤ ተቃዋሚዎች ታስረዋል። በ1980ዎቹ በኑክሌር መሣሪያ ጉዳይ ዋሽንግተንንም ሞስኮንም እኩል መተቸቱን አድንቃችኋል። ለእኔ ግን ያ ለኃያላን አለማጎንበስ የጀመረው እዚያው አባቱ ቤት ይመስለኛል። ደግሞስ በሞተበት በ1993 ስለ አባቱና ስለ ታጎር ያሳተመው መጽሐፍ እንዴት ተረሳ?